ቱንቢ ግድግዳ አያቃናም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆች፥ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ ዐሠርቱ ትእዛዛትን ለልጆች በቃል አስጠናሁ። ከዚያም «ከእነዚህ የትኞቹን እንደ ጣሳችሁ በልባችሁ ቁጠሩ» አልኋቸውና በዚያው አሰናበትኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ልጅ ቀረ። ሦስት እሑድ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ?» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ «መምህር፥ ከእናቴ መቀነት ሳንቲም ፈትቼ ወስጃለሁ። ሌባ ቤተ ክርስቲያን ይገባል እንዴ?» አለኝ።

ያን ቀን በራሴ አዘንሁ። ሕጉን አስተምሬው ስለ ጸጋው ሳልነግረው ቀርቼ ነበርና። እኔ እንደማምነው፥ ሕግን ብቻ የሚያስተምር መምህር ትምህርቱን ከግማሽ ላይ አቁሞታል።

ልጆች፥ ግንበኛ ሲሠራ አይታችኋል? በክር የተንጠለጠለ ክብደት ይዞ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ይለካል። ይህ መሣሪያ ቱንቢ ይባላል። ግድግዳው ከተጣመመ ቱንቢው ያሳያል፤ ነገር ግን አያቃናውም። የሚያቃናው የግንበኛው እጅ ነው። ሕግም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3 ኃጢአት የሚታወቀው በሕግ መሆኑን አስተምሯል። ያ ልጅ መበደሉን ያወቀው በሕጉ ነው፤ ቱንቢው ሥራውን ሠርቷል። የሚያቃናው ግን የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። ጸጋ ማለት እግዚአብሔር ሳይገባን፥ ስለ ፍቅሩ ብሎ የሚሰጠን ስጦታ ነው።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። እስራኤል በግብፅ ባሮች ሳሉ እግዚአብሔር «መጀመሪያ ንጹሓን ሁኑ፤ ከዚያ አወጣችኋለሁ» አላላቸውም። አስቀድሞ ባሕሩን ከፍሎ አሻገራቸው፤ ዐሠርቱ ትእዛዛትን በሲና ተራራ የሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተስ ብትሆኑ፥ ወንዶች በ40፥ ሴቶች በ80 ቀናችሁ ስትጠመቁ የትኛውን ትእዛዝ ታውቁ ነበር? የእግዚአብሔር ልጅነትን ያገኛችሁት በጸጋ እንጂ በጉብዝናችሁ አይደለም።

«እንግዲያው ጸጋ ካለ ብንበድል ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ይህ ግን ስሕተት ነው። ግድግዳ የሚቃናው ጸንቶ እንዲቆም እንጂ ተመልሶ እንዲጣመም አይደለም። ይቅር ያለንን አባት እያወቁ ማሳዘን ውለታ መርሳት ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ሕግንና ጸጋን አትለያይም። በመቅደስ ውስጥ ሙሴ የተቀበለውን ጽላት የሚያስታውሰን ታቦት በመንበሩ ላይ ያርፋል። በቅዳሴ ጊዜም ኅብስቱና ወይኑ ወደ ጌታችን ሥጋና ደም የሚለወጠው በዚያው በታቦቱ ላይ ነው። ሕጉና ጸጋው በአንድ ስፍራ ናቸው።

ያ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ለእናቱ ሊነግራት ሄደ። እናቱ ለካ የቋጠሮውን መጉደል ከመጀመሪያው ቀን አውቃ፥ እስኪነግራት ትጠብቀው ኖሯል። ገሠጸችው፤ ደግሞም አቀፈችው። ከዚያም ወደ ንስሐ አባቱ ይዛው ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ ከፊት ተቀምጦ አገኘሁት።

ስለዚህ ልጆች፥ ስትበድሉ እንደ አዳም በዛፎች መካከል አትደበቁ። አዳምን እግዚአብሔር ራሱ ፈለገው፤ እናንተንም ይፈልጋችኋል። የወሰዳችሁትን መልሱ፤ ያሳዘናችሁትን ይቅርታ ጠይቁ፤ ለንስሐ አባታችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ «በድያለሁና ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» አትበሉ። ወደ ቤቱ መሮጥ የሚገባን ይልቁንም በዚያን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቻችሁ መካከል አጥፍቶ አፍሮ ከትምህርት የቀረ ልጅ አለን? በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።