ያላነበባችሁትን አታካፍሉ

በቀድሞው ዘመን አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት እያስጐሰመ በገበያ መካከል ሲቆም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ቃሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሌላውን እንዲያሰማ የታዘዘው አስቀድሞ የሰማው ሰው ነው። ያልሰማው ያሰማ የሚል አዋጅ ማን ሰምቶ ያውቃል? ዛሬ በየእጃችን በያዝነው ስልክ የሚሠራው ግን ይኸው የተገላበጠ አዋጅ ነው። ያላነበበው ላላነበበው ይልካል፤ ያም ተቀብሎ ሳያነብብ ለሦስተኛው ያሳልፋል።

ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ኢንተርኔት ኑሮ የሚጽፉትን ጦማሮች እየመረጡ ለወዳጅ ማካፈል መልካም ሥራ መሆኑን አምናለሁ። ስለዚህ ክርክሬ ከማካፈል ጋር አይደለም። ክርክሬ ሳያነብቡ ከማካፈልና ምርጫን ለማሽን ከማስረከብ ጋር ነው።

ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ማለት ነው። የዛሬ ወጣቶች ቃሉን ብሎግ ለሚባለው፥ ሰው በኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ለሚጽፍበት ገጽ ስም አድርገውታል፤ መልካም አድርገዋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ በየቀኑ ካነበባቸው ገጾች ደኅና ደኅናውን እየለየ ለሚመዘግብበት ገጽ «ዌብሎግ» የሚል ስም አወጣለት። ብሎግ የሚለው ቃል የተገኘው ከዚህ ነው። እንግዲህ ስሙ ሲወጣ የአንባቢ መዝገብ ማለት ነበር።

በ2000 ደግሞ አሮን ስዋርትዝ የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከትልልቆች ጋር ተቀምጦ፥ አርኤስኤስ 1.0 የሚባለውን አሠራር በማዘጋጀት ተካፈለ። የአሠራሩ ጥቅም ቀላል ነው። አንባቢው ራሱ የመረጣቸው ጸሐፊዎች አዲስ ነገር በጻፉ ቍጥር ጽሑፉ እየተከተለ ወደ እርሱ ይመጣል፤ በመካከል ገብቶ «ይህ ይቅደም፥ ያ ይቅር» የሚል የለም። በዚህ አሠራር ብዙ ሰው ይገለገልበት የነበረውን ማንበቢያ ጉግል ጁላይ 1 ቀን 2013 ዘጋው፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው ቀንሶአል የሚል ነበር። አሠራሩ ግን አልሞተም፤ የፈለገ ሁሉ ዛሬም በነፃ ይሠራበታል። የጐደለው መሣሪያው አይደለም፤ የጐደለው መራጩ ነው።

በምርጫ ፈንታ የመጣው ምንድን ነው? ፌስቡክ በ2006 የወዳጆችን ወሬ በአንድ ገጽ የሚያሰልፍ አሠራር አመጣ። በ2016 ትዊተርና ኢንስታግራም የጊዜን ተራ ትተው አልጎሪዝም በሚባለው ስሌት ማስቀደም ጀመሩ። ዩትዩብም በ2018 እንዳስታወቀው፥ ሰው በዚያ ሲመለከት ከሚያሳልፈው ጊዜ ከ70 በመቶ የሚበልጠው ማሽኑ ራሱ መርጦ ባቀረበለት ነገር ላይ የሚውል ነው። ይህ ስሌት «ነገሩ ለዚህ ልጅ ይጠቅመዋልን?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ይህ ልጅ ስንት ደቂቃ ይቆይልኛል?» ብሎ ነው። የቆየበት ደቂቃ ለማስታወቂያ ይሸጣልና።

የአባቶቻችንን ሥራ አስቡ። አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ የፍየል ቆዳ መፋቅና መወጠር፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ብርዕ መቅረጽ ነበረባቸው፤ ጸሐፊውም ለወራት ጐንበስ ብሎ ይውል ነበር። ስለዚህ ለዚህ ሁሉ ድካም የሚበቃው መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታሰብ ነበር። ድካሙ ራሱ ወንፊት ነበር። ዛሬ መገልበጥ የአንድ ጣት ሥራ ሆነ፤ ወንፊቱም ተቀደደ። ቆዳውና ቀለሙ ያጣሩት የነበረውን ዛሬ የሚያጣራው የሰው ኅሊና ብቻ ነው።

ይህን የምለው የዘመኑን ወጣት ለማማት አይደለም፤ ነገሩ ተመርምሮአል። በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በትዊተር የተሰራጩ ሊንኮችን ሲመረምሩ ከመቶው 59ኙን አንድም ሰው እንዳልከፈታቸው አገኙ። በ2018 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው፥ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ ጻፉ፤ ለዚህም ተጠያቂ ያደረጉት በራሳቸው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሳይሆን ሰዎችን ነው። በ2020 ትዊተር ጽሑፉን ሳይከፍት ሊያስተላልፍ ለቸኰለ ሰው «መጀመሪያ ልታነብበው አትፈልግምን?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ጀመረ። ማሽን ሰውን ስለ ምግባር የሚመክርበት ቀን መጣ ማለት ነው።

አንድ የኮምፒውተር ትምህርት የሚማር የዘመድ ልጅ ባንድ ቀን 31 ሊንክ በቴሌግራም ላከልኝ። ሁሉም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ነበሩ። ሦስተኛውን ከፍቼ አነበብሁና «ይህ ጸሐፊ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ርእሱ ጥሩ መስሎኝ ነው» አለኝ። ርእሱ ማሽን የሰውን ሥራ ሁሉ ሊወስድ ነው እያለ ያስደነግጣል፤ ውስጡ ግን የአንድ ሸቀጥ ማስታወቂያ ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም፥ ውሸታምም አይደለም። ነገር ግን በዚያ ቀን ያለ ደመወዝ የነጋዴ ጭነት ተሸክሞ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አንድ ብቻ ይልክልኛል፤ ከበታቹም ሁለት መስመር ይጽፍበታል። ያ ሁሉ ሊንክ ያላስተማረኝን ይህ አንድ አስተምሮኛል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚሉትን አውቀዋለሁ። አንዱ «ማሽኑ የምወደውን ያውቅልኛል» ይላል። የምትወዱትን ማወቅ የሚጠቅማችሁን ማወቅ አይደለም። ሕፃን ከረሜላ እንደሚወድ ባለሱቁም ያውቃል፤ ምሳውን የምታበላው ግን እናቱ ናት። ሁለተኛው «ለሌላ ሰው ለመምረጥ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ሳይመርጡ መላክ ግን እርሱም ምርጫ ነው፥ ኀላፊነቱን የካደ ምርጫ። ሦስተኛው «የተቀበለው ሰው ራሱ ያጣራ» ይላል። ስንዴውን ከነጠጠሩ ፈጭቶ ለእንግዳ እያቀረበ «ጥርስህን ጠብቅ» የሚል ባለቤት ማን ያመሰግነዋል?

ደግሞም ጽሑፍ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን አትርሱ። በአገራችን ስድስት የዞን 9 ጦማርያን በ2014 ታስረው በሽብር ተከሰው ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆይተው በ2015 ተለቀቁ። ሰው እንዲህ መከራ ሊቀበልበት የሚችለውን ሥራ ርእሱን ብቻ አይቶ መወርወር፥ ብታምኑበትም ባታምኑበትም፥ ንቀት ነው።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ? እኔ አንድን ጸሐፊ ለወዳጄ ከማካፈሌ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፥ የሚናገረውን ከየት እንዳገኘው ያሳያልን? ሁለተኛ፥ ስለሚያመሰግነው ዕቃ ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ይገልጻልን? ሦስተኛ፥ በተሳሳተ ጊዜ ስሕተቱን በግልጥ ያርማልን፥ ወይስ በስውር ይሰርዛል? አራተኛ፥ አንብቤ ስጨርስ የአንድ ነገር አሠራር ገባኝን፥ ወይስ ልቤ ብቻ ደነገጠ? ይህን ያለፈ ጸሐፊ ከእኔ አሳብ ጋር ባይስማማም ይነበባል፤ ያላለፈው ግን የእኔን አሳብ ቢደግፍም ይቅር። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የተባለው ለዚህ ነው።

ቍጥሩም ይነስ። መቶ ጦማር የዘረዘረ ሰው የስልክ ማውጫ ጻፈ እንጂ አልመረጠም። አምስት ይበቃል። ከእያንዳንዱም ሥር ጸሐፊው ምን እንዳለ፥ ለምን እንደ ላካችሁት፥ የማትስማሙበትም የቱ እንደ ሆነ ጻፉ። ደግሞ የወደዳችሁትን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ከጸሐፊው ስምና ከቀኑ ጋር በደብተራችሁ አስፍሩ። ፒው የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በ2024 እንዳስታወቀው፥ በ2013 ከነበሩት የኢንተርኔት ገጾች 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ ተፈልገው አልተገኙም። ሊንኩ ሲሞት የሚቀረው በአእምሮአችሁና በደብተራችሁ ያለው ነው።

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የሰው ጊዜ ከዕድሜው የተቈረሰ ነው። ሊንክ ስትልኩለት ከዕድሜው ቈርሶ እንዲሰጣችሁ እየለመናችሁት መሆኑን ዕወቁ። ዛሬ ማታ አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከጠቀማችሁ ይጠቅመዋል ለምትሉት ለአንድ ወዳጃችሁ፥ ምክንያቱን ጽፋችሁ ላኩለት፤ አንብቦም ምን እንዳሰበ ጠይቁት። የቀረውን ለመላክ የተዘረጋችውን ጣት ሰብስቡ።