የጎረቤት ሻጋታ የማን ዕዳ ነው?

ሰኔ ሲገባ ቆሼ ዙሪያ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚጀመር ጠብ አለ። መነሻው ከአልጋው ራስጌ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታይ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። እናት በበረኪና ትጠርገዋለች፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። አባት ስቱኮ ይለጥፍበታል፣ ፕላስቲክ ቀለም ይደርብበታል። ሐምሌ ሳያልቅ ቀለሙ አብጦ ይላጥና ጥቁሩ እስከ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ይዘልቃል። ልጁ ሌሊት ሌሊት ማሳል ይጀምራል። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሻወር ቤት እንዳለ የሚታወሰው ያኔ ነው።

ጎረቤት ሲጠየቅ «የእኔ ቤት ደህና ነው» ይላል። ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ከሴራሚክ ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ለባለቤቱ አይታየውም፤ ውሃው የሚወጣው በሌላው ሰው ግድግዳ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ቧንቧ ከፍቶ ጠብታ ያጣ ተከራይ ሳይዘጋው ሥራ ይሄዳል፣ ውሃው ሲለቀቅ ወለሉን ሞልቶ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነማ ቁልፉ ያለው ደላላ ዘንድ ነው። ደላላው ደግሞ ስልክ የሚያነሳው ለሚከራይ ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመምና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ጽፏል። መፍትሔውም እርጥበቱን ከምንጩ ማቆም ነው። ውሃው ካልቆመ ቀለም ለሻጋታ ልብስ ነው።

ሁሉም የሚመክረው ሁለተኛው ነገር መስኮት መክፈት ነው። ቆሼ ላይ ይህ ምክር ቀልድ ይመስላል። ከ50 ዓመት በላይ የከተማውን ቆሻሻ የተሸከመው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ገድሏል። ነሐሴ 2010 የረጲው የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ የአካባቢው ሰው ግን አሁንም ሽታና ዝንብ ሽሽት መስኮቱን ይዘጋል። ክረምት ላይ ልብስ የሚደርቀው ቤት ውስጥ፣ እንጀራ የሚጋገረውም እዚያው ነው። እንፋሎቱ መውጫ የለውም። ለጎረቤት ውሃ ከዚህ የበለጠ የተመቸ ግድግዳ አይገኝም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ማድረስ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ ጭስንና መጥፎ ሽታንም ይጠቅሳል። (በዚህ ቁጥር ቆሼ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎረቤት ማን እንደሚሆን ለአንባቢ መተው ይሻላል።) የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የቤት ባለቤቶችን በማኅበር አደራጅቶ የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል እንዲያስተዳድሩ አድርጓል። ችግሩ ማኅበሩ የሚሰበስበው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከጥበቃ ደመወዝና ከደረጃ አምፖል አለማለፉ ነው። ሻጋታ ሲነሳ ኮሚቴው «በራሳችሁ ተስማሙ» ይላል። ፍርድ ቤት አለ፤ ነገር ግን ለአንድ የሻወር ቧንቧ ቀጠሮ ሲመላለስ ክረምቱ ያልፋል።

እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢሻቅ የተባለ የ2 ዓመት ሕፃን በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሞተ። የሞቱ መንስኤ የቤቱ ሻጋታ እንደነበር በ2022 በይፋ ተረጋገጠ። አባቱ ለአከራዩ ድርጅት ሲያመለክት የተነገረው «ቀለም ቀባው» የሚል ነበር። በ2023 በስሙ የተጠራው ሕግ አከራዮች ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሆነ። እዚህ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ጥቂት መስመር ይበቃል፦ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ባለቤት የታመነ ተወካይና ቁልፍ ያስቀምጥ፤ እርጥበት ሲታይ ኮሚቴው ቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ሁለቱንም ቤት ይይ፤ ወጪው ቧንቧው ባፈሰሰበት ቤት ባለቤት ይሸፈን፣ መስመሩ የጋራ ከሆነ ከማኅበሩ ይውጣ። «ሰው ቤት ገብቶ መፈተሽ ነውር ነው» የሚል ይኖራል። የልጅ ሳንባ ውስጥ መግባትስ?

ስብሰባው መጠራት ያለበት ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ግድግዳው ደርቆ፣ ጠቡ በርዶ፣ ሁሉም ሰው ነገሩን መርሳት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ሴራሚክ ነቅሎ ቧንቧ ለመቀየርም ከበጋ የተሻለ ወቅት የለም።