የተከለሰ ሁሉ የተሻለ ነውን? ሰንጠረዥና ዘመናዊው ቼዝ ሲነጻጸሩ

በየመመረቂያ ጽሑፎቻችን «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» እያልን አኀዝ የምንደረድርበት ቃል የአንድ ጥንታዊ ጨዋታ ስምም ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቡ ዓለም በኩል ወደ ኢትዮጵያ ደርሷል፤ ስሙም ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ጋር አንድ ነው። ዛሬ ቃሉ በእጃችን ቀርቶ ጨዋታው ከሞላ ጎደል ተረስቷል። ስለ እርሱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ፣ ሰንጠረዥ ያልተሻሻለ ቼዝ ነው፤ የተከለሰው ካለ ያልተከለሰውን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሞግተው ይህን ፍርድ ነው። በእኔ እምነት ሰንጠረዥና ዘመናዊው ቼዝ አሮጌና አዲስ ሳይሆኑ ለአንድ ችግር የተሰጡ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ችግሩ የአጀማመር መጓተት ነበር። በጥንቱ ሸጥረንጅ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ዝሆን የሚወክለው ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ ስለዚህ አንድ ፊል በጨዋታው ዘመን ሁሉ ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ወታደሮቹም አንድ አንድ ቤት ይገፋሉ። እንዲህ ባለ አቅም ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ብዙ እርምጃ ይባክናል። የዐረብ ሊቃውንት ይህን የፈቱት በልማድ ነበር። «ታቢያ» የሚባሉ የታወቁ አሰላለፎችን አዘጋጅተው ተጫዋቹ ቶሎ ወደ ፍልሚያው የሚያመራበትን መንገድ አመቻቹ፤ ሕጉን ግን አልነኩም።

አውሮፓ ሕጉን ለወጠ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስፔንና በጣሊያን ፈርዝ ወደ ንግሥት፣ ፊልም ወደ ጳጳስ ተቀየሩ። የለውጡን መጠን በቁጥር ማየት ይቻላል። በባዶ ገበታ መሐል የቆመ ፈርዝ የሚሄድበት አማራጭ ቢበዛ 4 ነው፤ ንግሥት ግን 27 አላት። ፊል 4 አማራጭ ሲኖረው ጳጳስ እስከ 13 ይደርሳል። ጣሊያኖች አዲሱን ጨዋታ «ያበደ ቼዝ» ማለታቸው አያስገርምም። የሳላማንካ ተማሪ የነበረው ሉሴና እ.ኤ.አ. በ1497 ባሳተመው መጽሐፍ በአሮጌውና በአዲሱ ሕግ የተዘጋጁ እንቆቅልሾችን በአንድ ጥራዝ አቅርቧል። ለውጡን ከውስጡ ሆኖ ጎን ለጎን የመዘገበው እንግዲህ አንድ ተማሪ ነበር።

በኢትዮጵያ የታየው ክለሳ ሌላ መንገድ ተከተለ። ፈርዝና ፊል እንደ ጥንቱ ደካማ ሆነው ቀሩ፤ የተለወጠው የተራ ሥርዓት ነው። «ወረራ» በሚባለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በፈቀዱት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ተጫዋቹ የራሱን ሠራዊት እያሰለፈ የባላጋራውን እጅ መከታተል፣ ያሰበውን አሰላለፍም በዚያው ቅጽበት ማፍረስ ይኖርበታል። አውሮፓ ጉልበት ጨመረ፤ ኢትዮጵያ ጊዜውን ፈታች። ሁለቱም መጓተቱን አስወገዱ።

እያንዳንዱ መልስ ግን ዋጋ አስከፍሏል። የዘመናዊው ቼዝ አጀማመር በጥናት ብዛት የቃል ሸምደዳ እስከ መሆን ደርሷል። ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 የኋላው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን ስልት ያቀረበው ለዚህ ነበር። መጓተትን የፈወሰው ክለሳ ሽምደዳን ወልዶ ሌላ ክለሳ አስፈለገው ማለት ነው። በወረራ ውስጥ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል አስቀድሞ ስለማይታወቅ እንዲህ ያለ ሽምደዳ ብዙ አይረዳም።

የአጨራረሱም ሚዛን ይለያል። በቼዝ ማት ማት ነው፤ በየትኛውም ጠጠር ቢመጣ ውጤቱ አንድ ነው። የሰንጠረዥን ሥርዓት የመዘገቡ ምንጮች እንደሚሉት ግን በግንብ ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች ማሸነፍ ግን ያስከብራል። ጨዋታው ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሸነፈም ይጠይቃል።

በዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ሰንጠረዥ ያን ያህል ከረቀቀ ስለ ምን ከሰመ? የእኔ ግምት መልሱን በጽሑፍ ውስጥ ይፈልገዋል። በተራ የሚካሄድ ጨዋታ እርምጃ በእርምጃ ይመዘገባል፤ በመጽሐፍ ይታተማል፤ በደብዳቤም ይካሄዳል። ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበትን ወረራ ግን በወረቀት ማስፈር ይከብዳል፤ ፈጣን እጅ ያለው ይጠቀማል፤ ክርክርም ያስነሣል። ቼዝ በዓለም የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ለመመዝገብ መመቸቱ ይመስለኛል፤ ለመመዝገብ መመቸት ግን ከጨዋታው ጥልቀት ጋር አንድ አይደለም።

ዛሬ ያ ምክንያት ኃይሉን አጥቷል። በአንድ ቅጽበት የሚሆኑ እንቅስቃሴዎችን ኮምፒውተር ያለ ችግር ይመዘግባል። ተራ በሌለበት ሁኔታ ውሳኔ የሚሰጥ ፕሮግራም መሥራት ደግሞ በኮምፒውተር ሳይንስም ሆነ በሒሳብ ለማስተርስ ጥናት የሚበቃ ጥያቄ ነው። በታሪክና በባህል ጥናት በኩል ያለው ሥራ የባሰ አስቸኳይ ነው። በዋነኛነት የምንመረኮዘው የውጭ ተጓዦች በተውት ማስታወሻ፣ ሃሮልድ መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የቼዝ ታሪክና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ላይ ነው። ጨዋታውን ያዩ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ አረጋውያን ካሉ፣ ቃላቸውን የመቀበያው ጊዜ አሁን ነው።

ሰንጠረዥን ያልተሻሻለ ቼዝ ብለን ስንተወው የምናጣው አንድ የቆየ መዝናኛ ብቻ አይደለም። የአገራችን ሰዎች ከውጭ የመጣን ሥርዓት ተቀብለው፣ ጉድለቱን ለይተው፣ በራሳቸው መላ እንደከለሱት የሚያሳይ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከሌሎች መዛግብት ብቻ ማንበብ ይብቃን፤ እኛም እንጻፈው።