ከልጆች የሸሸው ጀግና

በአሜሪካ አገር የኃያላን ጀግኖችን ጀብዱ በሥዕል የሚተርከው፣ ኮሚክ የተባለው መጽሔት አንባቢው መነመነ ሲባል፣ ብዙዎች ጥፋቱን በሲኒማና በስልክ ላይ ይጭናሉ። «የዛሬ ልጅ ማንበብ ጠልቷል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለአሳታሚዎች የተመቸ ማመካኛ ነው እንጂ እውነት አይደለም። ልጁ ከመጽሔቱ አልሸሸም፤ መጽሔቱ ነው ከልጁ የሸሸው።

ሱፐርማን በ1938 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። ጋዜጣ በሚሸጥበት ሱቅና በመድኃኒት ቤት ስለሚገኝ፣ ልጅ ከረሜላ ሊገዛ በሄደበት በኪሱ ሳንቲም ይገዛው ነበር።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሌላ የአሻሻጥ ሥርዓት ተዘረጋ። ይኸውም ልዩ የኮሚክ መደብሮች መጽሔቱን በቅናሽ እንዲገዙ፣ ያልተሸጠውን ግን እንዳይመልሱ የሚያደርግ ነው። ሥርዓቱ በጊዜው ሞያውን ከውድቀት እንዳዳነ አይካድም። ነገር ግን የኪሣራው ሸክም በባለ መደብሩ ላይ ስለ ወደቀ፣ የሚያዘው ለሚያውቀው ደንበኛ ብቻ ሆነ። ደንበኛውም አረጀ፤ ታሪኩም የቀደሙትን ቁጥሮች ላላነበበ ሰው የማይገባ ሆነ፤ ዋጋውም 4 ዶላርና ከዚያ በላይ ደረሰ። በ1992 የሱፐርማን ሞት የተተረከበት ቁጥር በሚሊዮን ሲሸጥ፣ ብዙው ገዢ ያስቀመጠው ሊያነበው ሳይሆን ዋጋው ሲንር ሊያተርፍበት ነበር። ይህ ከንቱ ተስፋ ከፈረሰ በኋላ፣ በ1996 ማርቭል መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ማከፋፈሉን ለብዙ ዓመታት ጠቅልሎ የያዘው ዳይመንድም በ2025 በተራው ከሰረ።

«ልጅ አያነብም» ለሚሉት መልሱ እነሆ፤ በ2016 የተጀመረው የዴቭ ፒልኪ «ዶግ ማን» በሥዕል የተተረከ የጀብዱ መጽሐፍ ነው። በመጻሕፍት መደብርና በትምህርት ቤት የመጻሕፍት ገበያ ስለሚገኝ፣ ልጆች በብዙ ሚሊዮን ገዝተውታል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አሳታሚዎቹ የቀድሞውን ደንበኛ ብቻ ጨብጠው ከቀሩ፣ ጀግኖቻቸው ስማቸው በሲኒማ እየገነነ በወረቀት ላይ ይሞታሉ። መድኃኒቱ ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ የሚገባ ሙሉ ታሪክ በአንድ ጥራዝ አትሞ፣ በልጅ አቅም ዋጋ፣ ልጅ በሚውልበት ስፍራ ማቅረብ ነው። በሰማይ የሚበር ጀግና እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ መድረስ ካቃተው፣ ኃይሉ ለማን ይጠቅማል?