ሶፍትዌሩ ከፎርማኑ ይጀምር

ሥራ ተቋራጮቻችን አዲስ የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሲገዙ ሥልጠናውን የሚወስዱት አብዛኛውን ጊዜ የዋናው ቢሮ መሐንዲሶች ናቸው፤ ነገሩ ከጅምሩ የተገለበጠ ነው። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደወጣ፣ ፌሮው መቼ ሳይት እንደገባ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ሥራ እንዳስፈታ የሚያውቁት ፎርማኑና ስቶር ኪፐሩ ናቸው። እነሱ በደብተርና በቴሌግራም ከቀጠሉ፣ እንደ ፕሪማቬራ ያለው ሶፍትዌር የሚያወጣው ያማረ ሠንጠረዥ አማካሪውን ደስ ከማሰኘት አያልፍም። ጣጣው ደግሞ ኪስ ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የተባለው የግንባታ ውል ሰነድ፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም አለፈ። ድሮዊንግ የዘገየበት ቀን የተጻፈበት ደብተር ጭቃ ነክቶት ፒክአፕ ውስጥ ከተረሳ፣ ጥያቄው በምን ይደገፋል? እኔን ቢጠይቁኝ የዕለት ሪፖርትና የስቶር ገቢና ወጪ ብቻ፣ ያውም በአማርኛ፣ ኔትወርክ በሌለበትም በሚሠራ የስልክ መተግበሪያ፣ በአዲስ ሳይት ላይ ይጀመር እላለሁ። ሊጠናቀቅ የደረሰ ፕሮጀክት በነበረበት ይለቅ (ሶፍትዌር ሻጮች ይህን አይወዱትም)። ደብተሩ የሚቀርበት ቀንም አስቀድሞ ይነገር፤ ሁለቱንም ሙላ የተባለ ፎርማን ማታ ሲደክመው የሚተወው ሶፍትዌሩን ነው።