ድንኳኑ ይቆየን፣ ካቴናውን አሳዩን!

ሰሞኑን እኛ ሰፈር አዲስ ፋሽን ገብቷል። ከሰሚት እስከ አያት ካሉት ካፌዎች አንዱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ ወሬው ሁሉ በሞተር ወጥቶ ውጪ ማደር ነው። እገሌ ድንኳን ከዱባይ አስመጣ... የእገሊት ስሊፒንግ ባግ እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ ይችላል... ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት የሌለው ሰው ፋራ ነው... አቤት ወሬ! እንዳትሳሳቱ፣ ከዳር ቆመን የምንተች ሰዎች አይደለንም። እኛም ከወሬኞቹ አንዶቹ ነበርን። የምንጽፈው ግን ተናደን ነው፤ የመጀመሪያው ንዴታችንም በራሳችን ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን በሦስት ሞተር፣ በሁለት ቦክሰርና በአንድ አፓቼ፣ ወደ ላንጋኖ ወጣን። በጎሮ፣ በቱሉ ዲምቱ አድርገን፣ ቢሾፍቱን አልፈን፣ ሞጆ ላይ ቁርስ በልተን... ፎቶውን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ምን ያልጫንነው ነገር አለ? አራት ሰው የሚይዝ ድንኳን፣ ታጣፊ ወንበር፣ ጀበና ከነሲኒው፣ ድምጽ ማጉያ ሳይቀር ይዘናል። መቂን ጥቂት እንዳለፍን የአንዷ ጓደኛችን ሞተር ካቴና ከጥርሱ ወጣና ከጎማው ጋር ተጠላለፈ። የኋላው ጎማ ቀጥ አለ። ሞተሩ ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ፤ እሷም አብራው አስፋልቱን ላሰችው። ከኋላ ደግሞ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው አይሱዙ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ እግዜር ይስጠውና ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

እጇ ተላጠ፣ ጃኬቷ ተቀደደ፣ ሄልሜቷ በጎኑ ተፋቀ። ጭንቅላቷ ደህና ነው። (ሄልሜትን ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ለምትነዱ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የክርን ጉዳትን ስለመቀነሱ ግን ምንም አላለም።)

ከዚያ ያ ሁሉ ሻንጣ ተፈታ። ድንኳኑ አለ፣ ጀበናው አለ፣ መብራቱ አለ። የኋላ ጎማ ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ ግን ከአምስት ሰው አንዱ ጋር የለም! ጀበና ይዞ ቁልፍ ያልያዘ መንገደኛ ምን ይባላል? በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር ቲማቲም የሚሸጡ ሴትዮ ልጃቸውን ላኩልን። ዕድሜው ቢበዛ አሥራ አራት ቢሆን ነው፤ ከባጃጅ ጠጋኝ ቁልፍ ተውሶ መጣ። ካቴናውን መለሰ፣ አጠበቀ፣ ከዚያ በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገና «ይሄን ያህል ላልቶ እንዴት ነዳችሁት?» አለን።

አምስታችንም ዲግሪ አለን።

ንዴታችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ያቺ ሞተር ግን በዋዜማው «ሙሉ ሰርቪስ» ተደርጎላታል! ስሙን የማንጠራው አንድ ጋራዥ ዘይቷን ቀየረ፣ አጠበ፣ አብረቀረቀ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ካቴናውን ያየው ሰው የለም። ጓደኛችን አጠገባቸው ቆማ ሥራውን ለማየት ስትሞክር «እህቴ፣ ዘይት ይነካሻል፣ እዚያ ጥላው ስር ቁጭ በይ» ተባለች። ሻይም ታዘዘላት። ለወንድ ደንበኛ ሻይ አዝዘው «ዞር በል» ሲሉ አይተን አናውቅም። እሷም ቁጭ አለች፤ ጠጣች። የሚያበሳጨን ይሄ ነው፦ መቀመጧ። እኛም ብንሆን እንቀመጥ ነበር። ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስትና አራት ዓመት ተቀምጠን፣ ነፍሳችንን የተሸከመ ብረት ሲፈታና ሲታሰር ለማየት መቆም አፈርን።

«ባለሙያ እያለ ምን አገባችሁ?» የሚሉ አሉ። ለአያትና ለመገናኛ ልክ ናቸው፤ በየመቶ ሜትሩ ጎሚስታ ባለበት ሰፈር ሙያ ሳይማሩ መኖር ይቻላል። ውጪ ለማደር የሚወጣ ሰው ግን የሚሄደው በትክክል ባለሙያ ወደሌለበት ቦታ ነው። የጉዞው ጣዕም ራሱ እሱ አይደል? «የማያውቅ ሰው ከነካካው ያበላሸዋል» የሚሉትን ደግሞ በግማሽ እንስማማቸዋለን። ካቴና ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ኩሽኔታ ይበላል፣ ራሱም ይበጠሳል። ታዲያ መድኃኒቱ መማር ነው እንጂ ጥላ ስር ሻይ መጠጣት አይደለም።

ቋንቋው ያስፈራል የምትሉ ደግሞ አላችሁ። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካቴና፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ የመፍቻ ሳጥኑን ስም ትቶልን ሄዷል። ሃያ ቃል ናት፤ በአንድ ከሰዓት ትያዛለች። የውጪ ዘፈን ግጥም ያለ ትርጉም የሸመደደ ትውልድ ፍሪሲዮን ማለት አያቅተውም።

እኛን ማን እንዳስተማረን እንንገራችሁ። አንድ ብሎክ አብሮን የሚኖር ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ ነው። ስንት ጊዜ በካፌያችን በር ምግብ ይዞ ሲመጣ ቀና ብለን ሳናየው ተቀብለነዋል። ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውል ሰው ነውና ሞተሩ ከቆመ እንጀራው ይቆማል፤ ስለዚህ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ አሥር ደቂቃ ሲጎነበስ እናየው ነበር። ሞተሩ ተበላሽቶበት እየመሰለን እናዝንለት ነበር እኮ!

ያሳየንን እናካፍላችሁ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁሙና የታችኛውን ካቴና መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ቁርጡን የሞተሩ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ከዚያ ጎማውን ትንሽ አዙራችሁ ሌላ ቦታ ላይ ድገሙት፤ ካቴና አንድ ዓይነት አያረጅም፣ አንዱ ጋ ላልቶ አንዱ ጋ ይጠብቃል። ካላላ የጎማውን ዳዶ ፈታ አድርጉና ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል አዙሩ። ምልክት አላቸው፤ አንዱ ከሌላው ከበለጠ ጎማው ይጣመማል። ዳዶውን መልሳችሁ አጥብቁ። የረሳ ሰው አጋጥሞናል፤ ማን እንደሆነ አንናገርም። ዝናብ ከመታው ወይም በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ አጽዱና ዘይት ቀቡት። የማጠበቂያው ቁልፍ ቁጥር ከሞተር ሞተር ይለያያልና የራሳችሁን ለክታችሁ እወቁ፤ «17 ይሆናል» ብሎ ይዞ መውጣት ካለመያዝ አይሻልም።

ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ጭነት ሲጨመር የኋላው የሚፈልገው ንፋስ ይጨምራል፤ መጠኑ መጽሐፉ ላይ አለ። ዘይት የሚታየው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፤ በጎን ማቆሚያው አዘንብላችሁ ካያችሁት ይዋሻችኋል። የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ድምጹን ጆሮ ይለየዋል፤ እስከዚያ መጠበቅ ግን ቂልነት ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ እንደሚደክም ካስተዋላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ ያው ሞተር ጉልበት ያገኛል። «ኤሌክትሪክ ገዝቻለሁ፣ እኔን አይመለከተኝም» የምትሉ አዲስ ዘመናውያን፣ ዘይትና ካንዴላውስ ቀረላችሁ፤ ጎማና ፍሬን ግን እናንተም ጋ አለ።

አሁን ወደ ዕቃው። ይህን የዕቃ አምልኮ ማን አመጣብን? በከፊል ፊልም ነው። ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን በ2007 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ተነስተው ኢትዮጵያን አቋርጠው ኬፕታውን ሲደርሱ በትልልቅ ቢኤምደብሊው ነበር፤ ከኋላቸውም ዕቃ የጫነ መኪና ይከተላል። ሸጋ ፊልም ነው፣ እኛም ወደነዋል። ግን ከእነሱ በፊት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ከለንደን የተነሳው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን ለብቻው በአንድ ትራያምፍ ዓለምን ሲዞር አገራችንንም አቋርጧል፤ አራት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ራሱ ነበር። ለኛ ኪስ የሚቀርበው የትኛው ነው?

ደግሞስ «ካምፒንግ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የፈረንጅ ዕቃ ይፈልጋል» ማለት በዚህ ከተማ ያስቃል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን፣ የንጉሥን ማረፊያ ይጠራበት የነበረ ቃል እኮ ነው። «ሰፈር»ም ከሰፈረ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል የደጃዝማቹ ሰው የሰፈረበት ማለታችን ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር ዙሪያዋን ያጀባት ድንኳን ነበር። የድንኳን ልጆች ሆነን ድንኳን ብርቅ ሆነብን!

እና ምን ያስፈልጋል? ከላይ ከሚከዳን ብርድ ይልቅ የሚጎዳው ከስር ያለው መሬት ነው፤ ሙቀታችሁን የሚጠጣው እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ ከስር የሚነጠፍ ፍራሽ ላይ አውጡት። ለላንጋኖ ሙቀት ጋቢ ይበቃል። ለደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ግን ጋቢ ቀልድ ነው፤ ቡሉኮም ደርቡበት። ዝናብ የማያስገባ ሸራ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ቋንጣ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ በውሃ ይበጠበጣል። ለማሰሪያ የሚሸጡትን ባለ መንጠቆ ላስቲኮች ተዉና ጎሚስታ ጋ አሮጌ ከመነዳሪ አስቆርጡ፤ ያገራችን ሹፌር ጭነት የሚያስረው በሱ ነው፤ ተፈትኖ አልፏል። ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ አስጠጉት። ከጎማው ኋላ ያንጠለጠላችሁት ሁሉ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪው ይዋልላል። ስትጭኑ የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያነጣጥራልና ዝቅ አድርጉት፤ ካቴናውንም ከጫናችሁ በኋላ እንደገና እዩት።

አንድ ነገር ሳንቀልድ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። «ፍሙ ጨርሷል፣ ጭስ የለውም» አትበሉ። የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው፤ ደንዝዛችሁ ትተኛላችሁ፣ አትነሱም።

ለመንገድም እንዲሁ አትቸኩሉ። ለእኛ ሰፈር ሰው ተፈጥሯዊው መውጫ በአያት በለገጣፎ ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ጣርማበርና መንዝ ጓሳ ነበር። ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት የጠበቀው የጓሳ ሣር፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ... እንዴት ያጓጓል! ነገር ግን ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ከተስፋፋ ወዲህ ያ መንገድ እንደልብ የሚኬድበት አልሆነም። ለፎቶ ብላችሁ ራሳችሁንም የሚያስተናግዷችሁንም ሰዎች ችግር ውስጥ አትክተቱ። የመናገሻ ሱባ ደን ለጀማሪ ቅርብ ነው።

ከተማውም ዓይኑን ጥሎብናል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በምክትል ከንቲባው በታከለ ኡማ ጊዜ፣ ለወንጀል መጠቀሚያ ሆነዋል በሚል ሞተር ሳይክሎች ከአዲስ አበባ እንዲታገዱ መወሰኑን አትረሱም፤ በኋላ ፈቃድ ላላቸው ተለቀቀ። ጥቂቶች በነጠቁት ቦርሳ ስንት እንጀራ ቆመ! ያኔ ዋጋውን የከፈለው የኛ ዓይነቱ ባለ ድንኳን ሳይሆን እንደዚያ ጎረቤታችን በሞተር የሚያድረው ሰው ነው። እስከ ዛሬ «ካቴና» ሲባል የሰው ሐሳብ ወደ ፖሊስ እጅ ሰንሰለት የሚሄደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ለመዝናናት ወጥተን አስፋልት ላይ በተዘረጋን ቁጥር «ድሮም ሞተር...» ለሚል ሰው ምክንያት እንጨምርለታለን። ሂሳቡ ግን እሱ ጋ ነው የሚሄደው።

ያቺ ጓደኛችን እጇ ድኗል። ከላንጋኖ መልስ ወደዚያው ጋራዥ ሄዳ ከጥላው ስር ወንበሩን አንስታ ሞተሩ አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ሻይ መጣላት። «አመሰግናለሁ፣ መጀመሪያ ካቴናውን እንይ» አለች። ሰውዬው ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ቁልፉን ሰጣት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እረፍት ስለሆነ ግቢያችን ውስጥ እንደገና ያሳየናል። የምትመጡ ድንኳናችሁን ቤት ተዉት፤ አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ የሞተራችሁን ቁልፍ ቁጥር ለክታችሁ ኑ። ሻይ እኛ እንጋብዛለን፤ የሚጠጣው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።