ወንጌል በማን አፍ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በመካነ ሰላም በኩል፣ ማሻ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቡናው እየተቀዳ ሳለ ስለ ኑሮዬ ጠየቁኝ። እኔም እንደ ለመድኩት፣ "ጋሼ፣ ጌታ ለዚህ አገር ሸክም ሰጥቶኛል" አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና፣ "ታዲያ አህያ አልሰጠህም?" አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በመንገድ ስመለስ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። አማርኛን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ታዲያ በገዛ ቋንቋቸው ስናገራቸው ለምን አልገባቸውም?

ሰሞኑን በስፓኒሽ ተናጋሪ ሕዝቦች መካከል ስላለው የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት አገልግሎት ሳነብ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ወደ አርጀንቲናና ወደ ቺሊ የተሰደዱ ጀርመናውያን ሉተራውያን መዝሙራቸውንና ካቴኪዝማቸውን ይዘው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ በጀርመንኛ ሰበኩ፤ በጀርመንኛ ዘመሩ። አጥራቸውን ተሻግሮ የሚኖረው ጎረቤት ግን ስፓኒሽ ነበር የሚናገረው። ብዙዎቹ ጉባኤዎች ለረጅም ዘመን የስደተኞች ቤት ሆነው ቆዩ። ጊዜ ሲሄድ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ራሳቸው ጀርመንኛውን ረሱት።

የሚያሳዝነው፣ የስፓኒሽ ቅዱስ ቃል ታሪክ ከተሐድሶው ጋር ገና ከመጀመሪያው የተሳሰረ መሆኑ ነው። ፍራንሲስኮ ደ ኤንሲናስ የተባለው ስፔናዊ ዊተንበርግ ውስጥ በሜላንክቶን ቤት ተቀምጦ አዲስ ኪዳንን ተረጐመ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1543 ታተመ፤ ተርጓሚውም ለዚህ ሥራው ታሰረ። ከሴቪያ ገዳም የሸሸው ካሲዮዶሮ ደ ሬይና ደግሞ ከአገር አገር እየተሰደደ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ተርጕሞ በ1569 በባዝል አሳተመ። በአገሩ ግን ምስሉን ሠርተው በእሳት አቃጥለውታል። በኋላም በፍራንክፈርት የሉተራን መጋቢ ሆኖ አገለገለ። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ የከፈሉት እናቶቻቸው በሚሰሙት ቋንቋ ክርስቶስ እንዲነገር ነው።

እኛስ? የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ወንድሞች ጋር ሆኖ ቃሉን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አስቴር የሕዝቡን ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ ሰበሰበች፤ ትርጉሙ የሕዝብ አፍ ያለው እንዲሆን ይህ እጅግ ጠቀመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ ያውም ባዝል አጠገብ ባለችው በቅዱስ ክሪሾና። ከሬይና 330 ዓመት በኋላ፣ እዚያው አካባቢ!

ይህ ድካም ከሉተራን አስተምህሮ ልብ የሚወጣ ነው። የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ (1530) በአንቀጽ 5 እግዚአብሔር መንፈስ ቅዱስን በቃሉና በምሥጢራቱ በኩል እንደሚሰጥ፣ እምነትንም በዚያ እንደሚያስነሣ ያስተምራል። ጳውሎስም እምነት ከመስማት እንደሚመጣ ይናገራል (ሮሜ 10፥17)። እንግዲህ የማይገባ ቃል የሚሰብክ ሰው፣ መንፈስ ቅዱስ ራሱ የመረጠውን መንገድ በድንጋይ እየዘጋ ነው። አንቀጽ 7 ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት በወንጌሉና በምሥጢራቱ መስማማት በቂ መሆኑን፣ የሰው ሥርዓት በሁሉ ቦታ አንድ መሆኑ የግድ እንዳልሆነ ይናገራል። ሰው ወደ ክርስቶስ ከመቅረቡ በፊት የእኔን ቋንቋና የእኔን አነጋገር መማር ካለበት፣ ሳላውቀው በጸጋው ላይ ሌላ ሕግ ጨምሬበታለሁ።

ወገኖቼ፣ እኛ ዛሬ በሁለት ቦታ ይህን ስህተት እየደገምን ይመስለኛል። አንደኛው በውጭ አገር ነው። በአሜሪካ ከተሞች ያሉ ጉባኤዎቻችን በአማርኛ ይዘምራሉ፤ ልጆቻችን ከኋላ ወንበር ስልካቸውን ይነካካሉ። በዚያው ሰፈር ስፓኒሽ የሚናገር ጎረቤት አለ፤ የእኛን ያህል የስደትን እንባ ያውቃል፤ እኛ ግን ሰላምታ እንኳ አንሰጠውም። "ልጆቹ አማርኛ ይማሩ እንጂ" የሚሉ ወላጆችን እረዳለሁ፤ እውነት አላቸው፤ ቋንቋ ርስት ነው። ነገር ግን ልጁ አማርኛ እስኪማር ወንጌሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ?

ሁለተኛው እዚሁ አገራችን ነው። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ሬሳ የሚሸኝበት፣ በአንድ ቤት ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። ነገር በምሳሌ ካልተነገረ የማይጥመው ሕዝብ ነው። እኛ ደግሞ "ቅባቱ ፈሰሰ"፣ "ከፍታ መጣልኝ"፣ "ሰበራ ሆነ" እያልን አማርኛ በሚመስል ግን ከአዳራሻችን ውጭ በማይገባ ቋንቋ እንናገራለን። ሉተር ተርጓሚ በቤት ያለችውን እናት፣ በመንገድ የሚጫወቱትን ልጆች፣ በገበያ ያለውን ሰው አፍ እየተመለከተ ይሥራ ብሎ መክሮ ነበር። እኛ ገበያ የምንሄደው ልንናገር ብቻ ነው፤ ልንሰማ አይደለም።

"መንፈስ ቅዱስ ያስተረጕማል" የሚለኝ ወንድም ይኖራል። በጰንጠቆስጤ ዕለት የሆነውን ልብ ይበል፦ ሰሚዎቹ የገሊላን አነጋገር እንዲማሩ አልተደረገም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ (ሐዋ. 2፥6-8)። የተለወጠው የተናጋሪዎቹ አፍ ነው። ጸጋ፣ ጽድቅ፣ ንስሐ የሚሉ ቃላትን እንጣል አላልኩም፤ እነዚህ ውርሳችን ናቸው። ለሰሚው እንግለጣቸው ነው የምለው። ይህም አብሮ መቀመጥን፣ መጠየቅን፣ አንዳንዴም እንደ እኔ መሳቂያ መሆንን ይጠይቃል።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ማሻ ሄድኩ። ያው ቤት፣ ያው ቡና። በዚህ ጊዜ፣ "ጋሼ፣ እኔ መሸከም ያቃተኝን ኃጢአቴን ክርስቶስ ተሸከመልኝ" አልኳቸው። ስለ አህያ አልጠየቁኝም። ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ "እስቲ ተቀመጥና ንገረኝ" አሉኝ።

ጌታ አፋችንን ብቻ ሳይሆን ጆሯችንንም ይክፈት። ጸጋ ይብዛላችሁ።